ሳይቆጥሩባችሁ ቁጠሩ

ደብዳቤው ከሶፍትዌር ሻጩ ኩባንያ የሚመጣው በኢሜይል ነው። ያውም ማንም በየቀኑ ወደማይከፍተው የድርጅቱ አጠቃላይ አድራሻ። አርእስቱ ለስለስ ያለ ነው፤ «የሶፍትዌር ላይሰንስ ግምገማ» ይላል፤ ላይሰንስ ማለት ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃድ ነው። ውስጡ ሲነበብ ግን ያላችሁን ኮምፒውተርና ሰርቨር፣ የተጠቃሚዎቻችሁን ቁጥር፣ የገዛችሁበትን ማስረጃ እስከዚህ ቀን ላኩ የሚል ነው። ሥራ አስኪያጁ ለአይቲ ክፍል ይመራዋል። የአይቲው ልጅ ይደነግጣል። የፋይናንስ ኃላፊዋ «ስንት ዶላር ነው?» ትላለች። ከዚያ ወደ እኔ ይደወላል።

የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ እንጀራዬም ይሄው ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሳቸው ድርጅቶች አጠገብ ቁጭ ብዬ መልሱን አብሬ አዘጋጃለሁ። ደንበኞቼ ከዳንግላ እስከ ደጀን ተበትነዋል፤ የግል ኮሌጅ፣ ሆስፒታል፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ ቁጠባና ብድር፣ የምህንድስና አማካሪ ቢሮ።

«ጎጃም ድረስ ማን ይመጣብናል?» የሚል ሰው አሁንም ይገጥመኛል። ማንም መምጣት አያስፈልገውም። እንደ አውቶካድ ያሉ የምህንድስና ንድፍ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ሲያገኙ ከሠሪያቸው ጋር ይነጋገራሉ። ሶፍትዌር ስታወርዱ የወረደበት አድራሻ ይመዘገባል። የአገር ውስጥ ሻጩም ለማን ስንት እንደሸጠ መዝገብ አለው። ፍኖተ ሰላም ያለ ቢሮ ለንደን ካለ ቢሮ እኩል ይታያል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ደጋግሜ ያየሁትን ነገር መጀመሪያ ልናገር። ድርጅቶችን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣቸው ላይሰንስ ስለጎደላቸው አይደለም። ያላቸውን ሳያውቁ መልስ ስለሚሰጡ ነው። ቁጥሩን ያላወቀ ሰው የተነገረውን ቁጥር ይቀበላል። ያወቀ ግን ይከራከራል። የጎደለውን ይከፍላል፣ ያልጎደለውን አይከፍልም።

ሻጩ የመቆጣጠር መብቱን የሚያገኘው ከውሉ ነው። ስንጭን «እስማማለሁ» ብለን የምንጫነው ነገር ውል ነው፤ በጅምላ ስንገዛ የምንፈርመውም እንዲሁ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ እንደሆነ ይናገራል። አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የኮምፒውተር ፕሮግራምን የቅጂ መብት ካላቸው ሥራዎች ጋር ቆጥሮታል። ግን ልብ በሉ፤ ውሉ የሚያስረው ሁለቱንም ወገን ነው። ሻጩ ቆጥሮ እንዲያጣራ የሚልከው ኦዲተርም የሚችለው እዚያ በተጻፈው ልክ ብቻ ነው። የዳታቤዝ ሶፍትዌር ሻጩ ኦራክል በተለመደው ስምምነቱ ላይ ኦዲት ለማድረግ የ45 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ እንደሚሰጥ ጽፏል። የማይክሮሶፍት የጅምላ ስምምነት 30 ቀን ይላል። ደግሞም ያለ ላይሰንስ የተጠቀማችሁት 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የኦዲቱን ወጪ እንድትሸፍኑና የጎደለውን በዋጋው 125 በመቶ እንድትገዙ ያስገድዳል። ስለዚህ 4 በመቶና 6 በመቶ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ጥቂት ኮምፒውተሮች በትክክል መቆጠራቸው ይህን መስመር ሊያሻግራችሁ ወይም ሊያስቀራችሁ ይችላል።

ደብዳቤው ሲደርስ መጀመሪያ የማየው ውል ይጠቅሳል ወይስ አይጠቅስም የሚለውን ነው። አንቀጽ ጠቅሶ፣ ቀን ቆርጦ የመጣ ከሆነ ኦዲት ነው። «አብረን እንገምግም፣ እንርዳችሁ» የሚል ከሆነ ግብዣ ነው፤ ብዙ ጊዜ የላከው የሽያጭ ክፍሉ ነው። ግብዣን በትሕትና አልፈልግም ማለት ይቻላል። ዝም ማለት ግን አይበጅም። ዝምታ ግብዣውን ወደ ኦዲት ሊቀይረው ይችላል።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ከተቋረጠ በኋላ ኢሜይሉን ሳያዩት ቀነ ገደቡ ያለፈባቸው ድርጅቶች ገጥመውኛል። እንዲህ ሲሆን አትሸበሩ። ምክንያቱን በቀን ጠቅሳችሁ በጽሑፍ ማራዘሚያ ጠይቁ። በስልክ አይደለም፣ በጽሑፍ። ከወዲያ ማዶ ያለውም ሰው ፋይሉ ላይ የሚያያይዘው ነገር ይፈልጋል።

የመጀመሪያው መልስ አጭር ይሁን። እኔ የማዘጋጀው ይህን ይመስላል፦ «ደብዳቤያችሁ በዚህ ቀን ደርሶናል። ጥያቄው በየትኛው ውልና አንቀጽ መሠረት እንደቀረበ፣ የትኞቹን ምርቶችና የትኛውን ጊዜ እንደሚመለከት በጽሑፍ እንድታስታውቁን እንጠይቃለን። ከዛሬ ጀምሮ ግንኙነቱ በዚህ ኃላፊ በኩል ብቻ ይሆናል።» በቃ። ቁጥር የለም፣ ሰበብ የለም፣ ይቅርታ የለም።

«በአንድ ኃላፊ በኩል ብቻ» የሚለው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ልንገራችሁ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ከሻጩ በኩል ስልክ ተደወለ። ያነሳው ጀማሪ የአይቲ ሠራተኛ ነው። ደዋዩ ሰላምታውን አሳምሮ፣ ስለ አየሩ ጠይቆ፣ «ለመሆኑ ስንት ማሽን ይኖራችኋል?» አለው። ልጁም በቅንነት «ወደ ሁለት መቶ» አለ። ሁለት መቶ የሚለው ቁጥር ከወራት በኋላ በሪፖርቱ ላይ ተጽፎ መጣ። ፋብሪካው የነበረው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ልጁ ጥፋተኛ አይደለም፤ ማንም አትናገር አላለውም። ቁጥሩን ከሪፖርቱ ለማስወጣት ግን ብዙ መጻጻፍ ፈጀብን።

የድንጋጤ ቀን የሚሠሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። አንደኛው ሁሉንም ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግ፣ ማለትም ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ዊንዶውስ የተጫነበትን ቀን ይመዘግባል። ሁሉም ማሽን ደብዳቤው በደረሰ ሳምንት አዲስ ተጭኖ ሲገኝ ኦዲተሩ ምን እንደሚያስብ መናገር አያሻኝም። ከዚያም በላይ በሕጋዊ መንገድ የተገዛው ኦፊስም አብሮ ይጠፋል፤ ሶፍትዌሩን የሚያስጀምረውን ኮድ፣ ቁልፉን፣ የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ያላችሁን ማስረጃ በገዛ እጃችሁ አጠፋችሁት ማለት ነው።

ሁለተኛው ተሯሩጦ መግዛት ነው። በቴሌግራም በጥቂት መቶ ብር የሚሸጥ ቁልፍ ላይሰንስ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ድርጅት የጅምላ ቁልፍ እየተቆረሰ የሚቸረቸር ነው። ቁልፉ ስለሠራ ብቻ መብት አይገኝም። መብቱ ያለው በስማችሁ በተቆረጠ ደረሰኝና በስማችሁ በተመዘገበ ስምምነት ላይ ነው።

ታዲያ ምን ይሠራ? ቆጠራ።

ቆጠራው የሚጀምረው ከሰርቨር ክፍል ይመስላችኋል። እኔ የምጀምረው ከንብረት ክፍል ነው። ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የንብረት ኃላፊው በዕድሜ የገፉ፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው ሰው ናቸው። የአይቲ ክፍሉ «ማስረጃ የለንም፣ አልቆልናል» ብሎ ነበር። እኔ ወደ እሳቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ኮምፒውተሮቹ የገቡበት ወረቀት ይኖር ይሆን?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ወረቀት እጥላለሁ?» አሉና ቁልፋቸውን አንስተው ወደ ኋለኛው ክፍል ወሰዱኝ።

ከወለል እስከ ጣሪያ ካርቶን ነው። የእያንዳንዱ ዓመት ግዥ በሲባጎ ታስሮ ተቀምጧል። ፕሮፎርማው፣ የግዥ ትእዛዙ፣ ንብረት ገቢ የሆነበት ሞዴል 19፣ ለየክፍሉ ወጪ የተደረገበት ሞዴል 22፣ ሁሉም በቅደም ተከተል። ከአንዱ ፎልደር ውስጥ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ አወጣሁ። ባዶ ነው። ነጭ ወረቀት። የዚህ ወረቀት ጽሑፍ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ በጥቂት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ጋሼ ፈገግ አሉና ገልብጠው አሳዩኝ። ከጀርባው ፎቶ ኮፒው በስቴፕለር ተያይዟል፤ ማሽን ቁጥሩ፣ የሻጩ ቲን ቁጥር፣ «ኦፊስ ፕሮፌሽናል 2016፣ ብዛት 25» የሚለው ጥርት ብሎ ይነበባል። ደረሰኙ በመጣ ዕለት ኮፒ አስደርገውታል። ያ ፎቶ ኮፒ ለኮሌጁ ያዳነውን ገንዘብ ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ የምትይዙ ሁሉ፣ እባካችሁ በዕለቱ ኮፒ አድርጉ፤ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት።

ያው ደረሰኝ ሌላ ጣጣም ነበረው። ቀኑ 12/03/2010 ይላል። እኛ ስናነበው ኅዳር 12 ቀን 2010 ነው። ከማዶ ያለው ሰው ግን 2010ን እንደ ራሱ ዘመን አነበበውና በ2015 ለገበያ የቀረበን ሶፍትዌር በ2010 እንዴት ገዛችሁት ብሎ ጻፈ። ሐሰተኛ ሰነድ አቀረባችሁ የሚል ቃና ነበረው። በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2017 መሆኑን የሚያሳይ የቀን ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ አያይዘን ላክን፤ ተቀበሉት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም የአገር ውስጥ ሰነድ ሁለቱንም ቀን የያዘ መሸኛ ሳላያይዝ አልልክም። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

ሌላው እኛን ብቻ የሚገጥመን ነገር ስም ነው። ብዙ ላይሰንስ የሚቆጠረው በተጠቃሚ ነው። የሰርቨሩ ዝርዝር ሲወጣ አንድ ሰው ሦስት ሆኖ ይገኛል። ጥሩወርቅ የሚል ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ አስቡት። የሰው ኃይል ክፍል አንድ ዓይነት ጽፎታል፣ አይቲው ሌላ፣ ራሷ ጥሩወርቅ ኢሜይል ስትከፍት ሌላ። ለኦዲተሩ ሦስት ተጠቃሚ ነው፤ ሦስት ላይሰንስ። በዚህ ላይ ሥራ የለቀቁት፣ ጡረታ የወጡት፣ ነፍሳቸውን ይማርና የሞቱትም አካውንታቸው ክፍት ነው። ማሽኖቹም እንደዚያው። ከዓመታት በፊት ተበላሽተው የተወገዱ ኮምፒውተሮች ከዶሜይኑ፣ ከድርጅቱ የኔትወርክ መዝገብ፣ ዝርዝር ስላልተሰረዙ በሥራ ላይ እንዳሉ ይቆጠራሉ። ለእነዚህ መልሱ የማስወገጃ ቃለ ጉባኤውና የደመወዝ መክፈያ ሊስቱ ነው። ከሊስቱ ላይ የሌለ ሰው ሶፍትዌር አይጠቀምም።

አንዳንድ ሻጮች በኮምፒውተሮቹ ላይ ያለውን አጣርቶ የሚሰበስብ አጭር ፕሮግራም፣ ስክሪፕት፣ ይልካሉ። ከማስኬዳችሁ በፊት አንብቡት ወይም የሚያነብ ሰው ፈልጉ። ካስኬዳችሁት በኋላም ውጤቱን መጀመሪያ ራሳችሁ እዩት። የሠራተኛ ስም፣ ኢሜይል፣ አንዳንዴም የፋይል ስም ይዞ ይወጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰዎችን መረጃ ወደ ውጭ አገር መላክ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ስሞቹን በኮድ ተክቶ መላክ ይቻላል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሆስፒታል ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ጥያቄ ሳትጠይቁ አንድም ፋይል አትላኩ።

ቆጠራ ሲባል በሦስት ዓምድ ነው፤ የተጫነው፣ የተገዛው፣ ውሉ የሚፈቅደው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ትልቁ ገንዘብ ያለው ግን እዚያ ነው።

ዊንዶውስ ሰርቨርን ውሰዱ። ላይሰንሱ የሚቆጠረው በኮር፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባሉት የስሌት ክፍሎች ብዛት ነው፤ ለአንድ ሰርቨር ዝቅተኛው 16 ኮር ነው። 8 ኮር ብቻ ያለው ማሽን ብትገዙም የ16 ኮር ትከፍላላችሁ። በዚያ ላይ ለሚገናኘው ተጠቃሚ ወይም መሣሪያ ለብቻው ፈቃድ ያስፈልጋል። ሰርቨሩን ገዝተው ይህን ሳይገዙ የሚቀሩ ድርጅቶች ብዙ ናቸው፤ ሻጩም አልነገራቸውም፣ ሰርቨሩም አይከለክላቸውም። የኦራክል ዳታቤዝ ደግሞ ሳትገዙት የሚሠራ ክፍል አለው። የአፈጻጸም ሪፖርት ማውጫው ኢንተርፕራይዝ ኤዲሽን በሚባለው እትሙ ላይ አብሮ ይጫናል፣ ሲነካ ይሠራል፤ ግን የተለየ ላይሰንስ ይፈልጋል። ዳታቤዙ ራሱ መቼ እንደተሠራበት ይመዘግባል። ባለሙያው አንድ ቀን ሲስተሙ ለምን እንደተንቀረፈፈ ለማወቅ ብሎ ከፍቶት ሊሆን ይችላል። ያችው ትቆጠራለች።

ጃቫ ላይ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች እንዲሠሩ የሚያስፈልገው ሶፍትዌር ላይ፣ ትንሽ ልቆይ፤ አሁን በብዛት የሚያስደነግጠው እሱ ነው። ኦራክል በጃንዋሪ 2023 የጃቫ ላይሰንስን በሠራተኛ ቁጥር እንዲሆን አደረገ። ጃቫን የሚጠቀም ሠራተኛ አይደለም የሚቆጠረው፤ ሁሉም ሠራተኛ ነው። የትርፍ ሰዓቱም፣ ጊዜያዊውም፣ ለድርጅቱ የውስጥ ሥራ የሚሠራው የኮንትራት ሠራተኛም። ዘበኛውና ሻይ የምታፈላዋ ልጅ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ ግን ይቆጠራሉ። በዚያ ጊዜ በወጣው የዋጋ ዝርዝር እስከ 999 ሠራተኛ ላለው ድርጅት በሰው በወር 15 ዶላር ነው። 400 ሠራተኛ ላለው ፋብሪካ በዓመት 72,000 ዶላር ይመጣል። ጃቫው ያለው ምናልባት የሂሳብ ክፍሉ ሁለት ማሽን ላይ ብቻ ነው።

እዚህ ጋ ሳይከፍሉ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች አሉ። የተጫነው ስንተኛው ጃቫ ነው? የጃቫ 8 ነጻ ዝማኔ ለንግድ ተጠቃሚ የቆመው በ2019 መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በፊት የወረደውና ሳይታደስ የቆየው በድሮው ፈቃድ ሥር ነው። ከሌላ ሶፍትዌር ጋር አብሮ የመጣ ነው? እንዲያ ከሆነ ፈቃዱ በዚያ ሶፍትዌር ሻጭ በኩል የተሸፈነ ሊሆን ስለሚችል ውሉን ጠይቁት። ለወደፊቱስ የኦራክልን ጃቫ ማቆየት ግድ ነው? እንደ ቴሙሪን ያሉ፣ ኦፕን ጄዲኬ ከተባለው ክፍት የጃቫ ኮድ የሚወጡ ነጻ ጃቫዎች አሉ፤ ብዙውን ሥራ ያለ ችግር ይሠራሉ። ይህን ሁሉ ሳታጣሩ የሠራተኛ ቁጥር አትላኩ። የሠራተኛ ቁጥር ከላካችሁ ሒሳቡ ወዲያው ይሠራል።

ሌላ ጉዳይ ደግሞ አለ፤ ቁጠባና ብድር ተቋማትን በቀጥታ ይነካል። ሜታ ቢራን በአንድ ወቅት የያዘው ዲያጆ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ2017 (በእነሱ አቆጣጠር) ለንደን ላይ ኤስኤፒ ከተባለው የድርጅት ሥራ ማስኬጃ ሶፍትዌር ሻጭ ጋር ፍርድ ቤት ቆሞ ነበር። ዲያጆ ደንበኞቹ በድረ ገጽ ራሳቸው እንዲያዙ የሚያደርግ ሲስተም ዘረጋ። ያ ሲስተም ከጀርባ ከኤስኤፒ ጋር ይነጋገራል። ኤስኤፒ እነዚያ ሁሉ ሰዎች በተዘዋዋሪ የእኔን ሶፍትዌር ተጠቅመዋል ብሎ ከ54 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ የገንዘቡን መጠን ለሌላ ጊዜ አቆይቶ፣ በዋናው ነጥብ ላይ ለኤስኤፒ ፈረደ። ዛሬ የእኛ ቁጠባና ብድሮች የሞባይል መተግበሪያ እያሠሩ ነው። መተግበሪያው ከጀርባ በተጠቃሚ ቁጥር ከተገዛ ዳታቤዝ ጋር ከተገናኘ እያንዳንዱ አባል ተጠቃሚ ነው የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። መተግበሪያውን ከማሠራታችሁ በፊት የዳታቤዙን ውል ክፈቱት። በኮር የተገዛ ላይሰንስ ለዚህ ይሻል ይሆናል፤ ነጻ የሆነው ፖስትግሬስ የተባለ ዳታቤዝም መታየት አለበት።

ቆጠራችሁ ካለቀ በኋላ የእነሱ ረቂቅ ሪፖርት ይመጣል። ረቂቅ ነው። ይህን ቃል ደንበኞቼ ፊት ደጋግሜ እናገራለሁ። አያቴ የሞጣ ሰው ነበሩ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ወጥቶ ገማቾች ወደ ገበሬው ማሳ ሊመጡ ሲሉ ጎጃም እንዴት እንደተነሣ ይነግሩን ነበር። ገበሬውን ያስቆጣው ግብር የሚለው ነገር ብቻ አልነበረም። የእርሱን እህል ሌላ ሰው ቆሞ አይቶ ይህን ያህል ነው ሊለው መሆኑ ነው። የኦዲት ረቂቅ ሳነብ ሁልጊዜ አያቴ ትዝ ይሉኛል። ግምቱን የሚመልሰው የራስ ልኬት ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ማስረጃችሁን ቁጥር ሰጥታችሁ መልስ ጻፉ፤ ይህ ማሽን ተወግዷል፣ አባሪ 4፤ ይህ ተጠቃሚ ከዚያኛው ጋር አንድ ሰው ነው፣ አባሪ 7፤ ይህ ከማሽኑ ጋር የመጣ ዊንዶውስ ነው፣ የማሽኑ ላይ መለያ ፎቶ አባሪ 9። እንዲህ ሲጻፍ ቁጥሩ ይወርዳል።

የሚቀረው ድርድር ነው። ሒሳቡ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ያንኑ ዶላር ለመክፈል የሚያስፈልገው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ በአገር ውስጥ ወኪል በኩል በብር መክፈል ይቻል እንደሆነ በቅድሚያ ጠይቁ። ካልተቻለ የባንክ ፈቃድ የሚወስደውን ጊዜ በስምምነቱ ውስጥ አስገቡ፤ የዘገየው ባንኩ ሆኖ ቅጣቱ እናንተ ላይ እንዳያርፍ።

ጊዜውንም አትርሱ። የኦራክል የበጀት ዓመት የሚዘጋው ሜይ 31፣ በእኛ ግንቦት 23 ነው። የማይክሮሶፍት ጁን 30፣ ማለትም ሰኔ 23። የእኛ በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሻጩም ሒሳቡን መዝጋት ይፈልጋል፣ እናንተም ያልተጠቀማችሁበት በጀት ሊኖር ይችላል። ቅናሽ የሚገኝበት ወቅት ነው። ለችኮላ ፊርማ የሚገፋፋበትም ወቅት ነው። ቅናሹን ውሰዱ፤ ፊርማውን ግን የሕግ ሰው ሳያየው አትፈርሙ። በተለይ «ላለፈው ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አይኖርም» የሚለው ዐረፍተ ነገር መኖሩን አረጋግጡ። ከሌለ ይጨመር በሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። እኔ ድርጅት እንዲደብቅ አልረዳም። ክራክ፣ ያለ ላይሰንስ እንዲሠራ የተሰበረ ሶፍትዌር፣ የተጫነበት ማሽን ካለ አለ ነው የምለው። የጎደለው ይከፈላል፤ ወይም ድርጅቱ ሊብረኦፊስን ወደ መሰለ ነጻ ሶፍትዌር ይሸጋገራል። እስቲ አስቡት፤ በየከተማው ያሉ የሂሳብ ማሠልጠኛዎች ፒችትሪን፣ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለውን፣ ሲያስተምሩ ስንቶቹ ላይሰንስ አላቸው? ልጆቻችን ሥራቸውን የሚጀምሩት በተሰበረ ሶፍትዌር ነው። ነገ እነዚያው ልጆች እዚሁ ባሕር ዳር ሶፍትዌር ጽፈው ሲሸጡ ማን ይከፍላቸው? ይህ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። የሌላውን ድካም አክብረን ስንከፍል ነው የእኛም ልጆች ድካም ዋጋ የሚኖረው። ግን ያልተጠቀምንበትን፣ ያልገባንበት ውል ውስጥ ያለውን፣ በስህተት የተቆጠረብንን የመክፈል ግዴታ የለብንም። ከአንድ ኮሌጅ የሚወጣ ያላግባብ ክፍያ የአንድ ላቦራቶሪ ዕቃ ነው። ከሆስፒታል የሚወጣው ደግሞ መድኃኒት ነው።

ሰኔ 30 ሲመጣ ሁሉም ድርጅት ዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ያደርጋል። ኮሚቴው ወንበርና ጠረጴዛ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተርም ይቆጥራል። ዘንድሮ ቅጹ ላይ ዓምድ ጨምሩበት፤ በማሽኑ ላይ ምን ሶፍትዌር አለ፣ በየትኛው ደረሰኝ ተገዛ፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር። ኮሚቴው ውስጥ ከአይቲ አንድ ሰው፣ ከንብረት ክፍል አንድ ሰው ይግቡ። ዝርዝሩ ሲያልቅ ሦስቱ ክፍሎች፣ አይቲ፣ ፋይናንስና ንብረት፣ ይፈርሙበትና አንዱ ኮፒ ከግዥ ሰነዱ ጋር ይታሰር። ከዱባይ የመጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ካሏችሁ ለብቻቸው ጻፏቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ኦፊሳቸው ክራክ ስለሆነ መጀመሪያ መስተካከል ያለባቸው እነሱ ናቸው።